ጃይፑር ምን አለ፣ ደብረ ታቦር እያለ

ነገሥታት የኖሩበትን ከተማ ለማየት ህንድ ድረስ መሄድ ገንዘብ መበተን ነው። ትውልዱ ደብረ ታቦር የሆነ ወዳጄ "ጃይፑርን ሳላይ አልሞትም" ሲል ሰማሁና አዘንኩለት። ሰው እንዴት የራሱን ማጀት ሳይፈትሽ የጎረቤት ጓዳ ያምረዋል?

ጃይፑርን አላንኳስስም። ሰዋይ ጃይ ሲንግ ዳግማዊ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1727 ሲቆረቁሯት መንገዷን አስለክተው፣ ሰፈሯን አስምረው ነው። በ1876 የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ሊጎበኛት ሲመጣ ከተማዋን ሮዝ ቀለም ቀብተው ተቀበሉት። ቤተ መንግሥቱም እስከ ዛሬ ቆሟል። ታዲያ ችግሩ እሱ ነው። የቆመ ነገር ጣጣው ብዙ ነው፤ ትኬት ይቆረጣል፣ ዘበኛ ይቆማል፣ "አትንኩ" ይባላል። ጣሪያው ቢያፈስ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው አለ።

ደብረ ታቦር ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነች። ከባሕር ዳር ተነሥተው በወረታ በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ፤ የጉና ብርድ ፊትዎን ሲገርፍዎት መድረስዎን ይወቁ። መናኸሪያው አጠገብ ቅቅል ድንች የምትሸጥ ልጅ አትጠፋም። ትኩሱን እያገላበጠች ልጣጩን በአውራ ጣቷ ገፈፍ ታደርግና ሚጥሚጣ ነስንሳ ታቀብልዎታለች። ቤተ መንግሥቱ የት እንደነበር ይጠይቋት። በአገጯ ወደ ላይ ታመለክትዎታለች፤ እርስዎም ወደ ላይ ያያሉ። ወደ ላይ ማየት የለመድነው ነገር ስለሆነ አይከብድዎትም።

ከተማዋን የመሠረቷት በዘመነ መሳፍንት ራስ ጉግሳ ናቸው። ያኔ አሠራሩ ግሩም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ተቀምጠው ይነግሣሉ፤ ራሱ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ይገዛሉ። ማኅተሙ እዚያ፣ እጁ እዚህ። ንጉሡን የሚያነግሡትም የሚያወርዱትም ራሱ ናቸው፤ ለንጉሡ እጅ የሚነሡትም እሳቸው ናቸው። ይህን ለዛሬ ወጣት ማስረዳት ይቸግራል። የሚፈርመው ሌላ፣ የሚወስነው ሌላ የሆነበት ቤት አይቶ አያውቅማ!

ቀጥሎ የሚጎበኘው የጦር ሜዳው ነው። በ1834 ዓ.ም. የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ብዙ ነፍጥ ይዘው፣ አዲሱን ጳጳስ አቡነ ሰላማን አስከትለው ያኔ የደብረ ታቦር ገዢ በነበሩት በራስ አሊ ላይ ዘመቱ። ደብረ ታቦር ላይ ተዋጉና ደጃዝማች ውቤ አሸነፉ። ራስ አሊ ሸሹ። ከዚያ ምን ይደረጋል? ድግስ ነዋ! ድንኳን ተተከለ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ድሉ ገና ሳይበርድ ከተሸናፊው ወገን የነበረ ጦር ደርሶ አሸናፊውን ከነጽዋቸው ማረካቸው። የሸሹት ራስ አሊም ያላሸነፉትን ጦርነት ድል ሊረከቡ ተመለሱ። በዚያ ድንኳን ደጃፍ አንድ አዝማሪ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ማሲንቆውን ገዝግዞ እንዲህ ባለ ነበር፦

ድል ነሥቶ ሲቀመጥ ድንኳኑ ሲሞላ፣
እንግዳው ጠጅ አለ፣ ባላገሩ ጠላ።

ነገሩ ስለ መጠጥ ነው። ሌላ ለሚሰማ ጆሮ ኃላፊነት አንወስድም።

ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብለው ጋፋትን ይሳለማሉ። አፄ ቴዎድሮስ የፈረንጅ ሚሲዮን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። እኛ ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ እያልን በሩቁ ስንሸሸው፣ እሳቸው የመንግሥት ነገር በከውሩ እንደሚያልቅ ገብቷቸው ነበር። በ1859 ዓ.ም. ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። ጃይፑሮችም በጃይጋርህ ምሽግ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1720 የተሠራ፣ ሃምሳ ቶን የሚመዝን ጃይቫን የሚባል መድፍ አላቸው። አንድ ጊዜ ለሙከራ ተተኩሶ ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። ይኸው ነው የእነሱ ድክመት! መድፍ ሠርተው ባለበት ተዉት።

እኛ ግን እናውቅበታለን። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ንጉሡ መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጠሉ፤ ቀጥሎ መድፉን ወደ መቅደላ ማስጎተት ጀመሩ። ገደል እየተናደ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ራሳቸውም በእጃቸው መንገድ እየጠረጉ ስድስት ወር ያህል ተጓዙ። ወጣ፤ ደረሰ፤ አፋፍ ላይ ተቀመጠ። ጦርነቱን አላዳነም እንጂ መንገዱስ ተሠርቷል። የራስን ከተማ አመድ አድርጎ ከባድ መሣሪያ ይዞ ተራራ መውጣት የድሮ ሰው ሥራ ስለሆነ፣ ለዘንድሮ ሰው ትምህርት ይሆናል ብዬ አልጠቀስኩትም። እንዲያው ለጎብኚ ያህል ነው።

የሴባስቶፖል አምሳያ ዛሬ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። መድፉን እናከብራለን። አንጥረኛውን ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ልጃችንን አንድርለትም ነበር። አሁን አሁን ስሙን አሳምረን "የጥቃቅንና አነስተኛ" ብለነዋል፤ መጥሪያው ተቀየረ እንጂ ወንበሩ አልተጠጋለትም።

በነገራችን ላይ ጉብኝቱን የጀመሩት ከህንድ የመጡት ናቸው። የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር በ1860 ዓ.ም. የተነሣው ከቦምቤይ ነው፤ 44 ዝሆኖችም መድፋቸውን ተሸክመው ሊያዩን መጥተዋል። ሲመለሱ ባዶ ጀርባ አልሄዱም። የጃይፑሩ ማሃራጃ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1902 ወደ ሎንዶን ሲጓዙ የሚጠጡትን የጋንጀስ ውሃ በትልልቅ የብር ጋን አስጭነው ሄዱ። የእኛው ንጉሥ ግን መቅደላ ቀርተው መጻሕፍታቸው ሎንዶን ገቡ። ስለዚህ የንጉሡን ዕቃ ማየት ካሻዎት አንድ ትኬት ወደዚያ ይቁረጡ። እዚያ ዘበኛም አለ፣ "አትንኩ"ም ይባላል።

"ለቅርሱ ምን ታስቧል?" ብለው እንዳይጠይቁ። ያልታሰበ ነገር የለም። መኪና ተሰልፎ ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል፣ ጋፋት ላይ እንደቀለጠው ብረት ግን ወደ ቅርጽ ፈስሶ አይወጣም። የከተማዋን ሰው ትዝብት በሁለት ስንኝ ብቋጥረው እንዲህ ይሆናል፦

ሹም መጥቶ ሹም ሄዶ ስንቱ በዓል ዋለ፣
የቱ ነው ከነሱ መሠረት ያልጣለ።

እንግዲህ ወዳጄ ይሂድ ካለ ይሂድ፤ ጃይፑሮች የሚያስከፍሉት በመግቢያው ነው። ደብረ ታቦር መግቢያው ነፃ ነው፤ የሚያስከፍለው መውጫው ነው። ካላመኑ ደጃዝማች ውቤን ይጠይቁ፤ እሳቸው ካልበቁ አፄ ቴዎድሮስን።