የአቶ አንድ ለመለያያ አጭር የሕይወት ታሪክ

አቶ አንድ ለመለያያ ከአባታቸው ከአቶ ቁጭ በል እንጂ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገና በጊዜ ነው ተወለዱ። የልደት ዘመናቸው በትክክል አይታወቅም። ጠጅ ቤት ብርሌ ጨብጠው ያየናቸው ጥንት ነው የሚሉ ስላሉ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ እ.ኤ.አ. በ1922 ሲቋቋም ሙሉ ሰው ሳይሆኑ አልቀሩም። ዘራቸው በየሰፈሩ የተረፈ በመሆኑ፣ ዛሬ የምንቀብራቸው በወዳጃችን ጫንቃ ላይ የኖሩትን ብቻ መሆኑ ይታወቅልን።

ሟች ሥርዓት አዋቂ ነበሩ። ሂሳብ ተከፍሎ፣ ጃኬት ተለብሶ፣ ሰው ሁሉ ከተነሣ በኋላ ካልሆነ ብቅ አይሉም። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ብቻቸውን መጥተው አያውቁም፤ አምስት ሰው ካለ አምስቱም በየተራ ይጋብዟቸዋል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲያወርድ እሳቸውን ንክች አላደረጋቸውም። የሳቸው ማስታወቂያ ትከሻ ላይ የሚያርፍ የጓደኛ እጅ ነበር።

ደጋግመው ታመው ድነዋል። ሐኪም ጉበት ቢጠራባቸው፣ ሚስት ብታኮርፍ፣ ስዕለት ቢሳልባቸው አልሞቱም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን አልጋ ይዘው ይከርሙና በፋሲካ፣ ዶሮው ገና ሳይወጣ፣ ዘለው ይነሣሉ። እኔን የሚገርመኝ ወዳጃችን ሁለት ወር ያህል ያለ እሳቸው ከርሞ ሲያበቃ «ለማቆም ምክንያት አጣሁ» ማለቱ ነው። ምክንያትማ በጉያው ሞልቷል፤ እሱ የሚጠብቀው መብረቅ ነበር።

የገደላቸው ግን ቆርኪ ነው። የቢራ ፋብሪካዎች በቆርኪ ሥር ዕጣ ሲያወጡ፣ ወዳጃችን መኪና ይደርሰኛል ብሎ የከፈተውን ሁሉ ኪሱ ይከት ነበር። አንድ እሑድ ልጁ ካርቶን ላይ ዳማ አሰመረ። ለዳማ 24 ቆርኪ ይበቃል፤ ግማሹ በጀርባው ይገለበጣል። ልጅ የአባቱን ጃኬት አራግፎ ለራሱ አሟላ፣ ለጎረቤት ልጅም አሟላ፣ የተረፈውን በጣሳ አጠራቀመና «አባዬ፣ ሌላ እንዳታመጣ፣ በቅቶናል» አለው። ስለ ዳማ ነበር ያወራው። ሟች ከዚያ ቀን ወዲህ አልጠነከሩም።

ጣራቸው ቀላል አልነበረም። የወዳጃችን እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቤተሰቡ ሐኪም ዘንድ ወሰደው፤ ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም እስከ መንፈራገጥ ሊደርስ ስለሚችል፣ በዚህ ነገር ጀግና ነኝ ማለት አያዋጣም። ከሥራ ሲወጣም በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ። አሁን በዚያች ሰዓት ዳማ ይጫወታል፤ ልጁ አንድም ቀን አዝኖለት አያውቅም።

ለአርባቸው ጠላ ይጠመቅ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ቤተሰቡ አልተቀበለውም። ቡናና አምቦ ውሃ ተዘጋጅቷል። ከዕድሩ ድንኳን ጀርባ «ለነፍሳቸው እንኳ አንድ አንድ» የምትባባሉት ወገኖች፣ እዚህ ድረስ ይሰማል።