ያልከበረ ቀን ፍለጋ

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ለበጎ ፈቃድ መንዝ ገጠር ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ደሞዝህ ስንት ነው?» ተብሎ ነው። «ደሞዝ የለኝም፣ በጎ ፈቃደኛ ነኝ» አልኩ ደረቴን ነፋ አድርጌ። አከራዬ አሮጊት ትክ ብለው አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን አጥፍተህ ነው ልጄ?» አሉኝ። በፈቃዴ እንደመጣሁ፣ የኪስ ገንዘብ እንደሚሰጠኝ፣ ዓመቱን ስጨርስ እንደምመለስ አስረዳሁ። «አይዞህ፣ ይፈቱሃል» ብለው አጽናኑኝ።

የተመረቅኩት በሒሳብ አያያዝ ነው። ቀበሌው ግን ቦርሳ ያዘለና መነጽር ያደረገ ሰው ሁሉ ዶክተር ነው ብሎ ስለወሰነ ዶክተር ሆንኩ። የታመመ የላም ዓይን እንዳይ የተጠራሁበት ጊዜ ሁሉ አለ። አየሁት። ታሟል አልኩ። ሰዎቹም ዶክተሩ አረጋገጠ ብለው ተመሰጋገኑ።

ብርዱን ባጭሩ ልለፈው። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ሰጡኝ፤ ባናው ብርዱን አስወጣ፣ ቁንጫውን አስገባ። ስልክ የሚሠራው ከጉብታው ላይ ካለች አንዲት ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ብቻ ስለሆነ፣ እናቴ ናፍቆቴን ስትሰማ እረኞቹም አብረው ይሰሙ ነበር።

ዋናው ነገር ሥራው ነው። የተመደብኩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን እንዳግዝ ነበር። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ ለእኔ የደረሰኝ የሽንት ቤቱ ነው። በየቤቱ አንድ አንድ ጉድጓድ ማስቆፈር። እቅዴን በሰንጠረዥ አዘጋጅቼ፣ የሥራ ቀኖቹን አረንጓዴ ቀብቼ ነበር የመጣሁት።

እዚያ ስደርስ ወሩ በ1 በልደታ ተጀመረ። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ24 ተክለ ሃይማኖት፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። ቅዳሜና እሑድ ሳይቆጠሩ ነው። ሁሉም ሰው ሁሉንም አያከብርም፤ ይህ ደግሞ ባሰ እንጂ አልተሻለም። የላይኛው ቤት አቦን ሲያከብር የታችኛው ያርሳል፣ የታችኛው ሥላሴን ሲያከብር የላይኛው አጥር ያጥራል፤ ሁለቱንም ባንድ ቀን ዶማ ማስጨበጥ አይታሰብም። በበዓል ማረስ፣ መቆፈር፣ እንጨት መፍለጥ ነውር ነው። በዓል የሻረ ሰው በረዶ ያመጣል ይባላል፤ በረዶው ደግሞ የሻሪውን ማሳ ለይቶ አይወርድም፣ የአገሩን ገብስ ነው ድምጥማጡን የሚያጠፋው። ነገሩን በሙያዬ ስመለከተው፣ በሚካኤል ዕለት የምትቆፈር አንዲት ሽንት ቤት የመላው ቀበሌ ኪሳራ ልትሆን ነው።

እሺ፣ ባልከበረው ቀን እንቆፍር አልኩ። ባልከበረው ቀንማ እርሻ አለ! ከእርሻ የተረፈውን ገበያ ይወስደዋል፣ ከገበያ የተረፈውን ለቅሶ። ለቅሶ ይቅር አይባል ነገር፤ እኔም ከፊት ተሰልፌ ንፍሮ እበላ ነበር። አረንጓዴዎቹ ቀኖቼ አንድ በአንድ ረገፉ። «እቅድ የማያውቅ ሕዝብ» ብዬ በልቤ ማማት ጀምሬ ነበር፤ ኋላ ግን ጓሳ የሚባለውን የሣር ሜዳ ነገር ሰማሁ። ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ መቼ ተከልክሎ እንደሚከርም ቄሮ በሚባል ሥርዓት እየደነገጉ ያን ሁሉ ሜዳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጠብቀው እንዳቆዩት ይነገራል። የእኔ ሰንጠረዥ አንድ ወር አልቆየም።

የጤና ባለሙያዋ የዚያው አገር ልጅ ናት። ስትስቅብኝ ከረመችና አንድ ቀን «በበዓል መቆፈር እንጂ መስማት ተከልክሏል ያለህ ማን ነው?» አለችኝ። በ12 ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ወሰደችኝ። ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ስፈልገው የኖርኩት ሕዝብ በሙሉ እዚያ ነው። የሚካኤል ዝክር ጠላና ዳቦ እየታደለ ነው። ተነስቼ ዝንብ ከምን ላይ ተነስታ ምን ላይ እንደምታርፍ አብራራሁ፤ ጊዜው ለዚህ ምቹ አልነበረም፤ አንዳንዱ ዳቦውን አገላብጦ አየው። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ፦ «ዶክተር፣ እግዜር ይህን ሁሉ ሜዳ ሰጥቶን ሳለ ሰው ምን ቆርጦት ነው እንደ ጫጩት ቆጥ ውስጥ የሚዘጋ?»

ያዘጋጀሁት መልስ በሥዕል የተደገፈ ነበር። ሥዕሉን ሳልዘረጋ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ላይ፣ ሰው ሲጸዳዳ ከሰፈር ወጥቶ፣ በመቆፈሪያ ቆፍሮ፣ መልሶ እንዲሸፍን መታዘዙን አስታወሱ። «ሙሴም ይህንኑ ነው ያለው» አሉና ወደ ጠላቸው ተመለሱ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው «ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትልም?» ብለው ገሠጹኝ።

ደቦ ተጠራ። የመጀመሪያው ጉድጓድ የተወሰነው ከአከራዬ ጓሮ ነው፤ በሌሊት ወደ ሜዳ በወጣሁ ቁጥር ውሾቹ አገሩን ሲቀሰቅሱት ሰው ተማርሮ ነበር። ለእኔም ዶማ ተሰጠኝ። መሬቱ ድንጋይ ነው። እጄ ውኃ ሲቋጥር ሴቶቹ እየሳቁ ዶማውን ቀሙኝና «አንተ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ።

ቤቲቱ አማረች። ጣሪያዋ በጓሳ ሣር ተከደነ፣ ግድግዳዋ በጭቃ ተለሰነ፣ በር ተገጠመላት። አከራዬ ገበያ ወርደው ቁልፍ ገዙላትና መክፈቻውን ከማተባቸው ጋር አሰሩት። በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ሆዴን ይዤ ደጃቸው ቆምኩ።

«እማማ፣ እባክዎ ያን መክፈቻ!»

ከውስጥ ሆነው «ምነው ልጄ፣ ከወረዳ ሰው ሊመጣ ነው?» አሉኝ።