ከቀኝ የሚነሣ ጽሑፍ

በአኒሜሽን ሥራ ውስጥ ሰው የሚንቀው ክፍል ጽሑፍ ነው። ገጸ ባሕርይ ማራመድ፣ ካሜራ ማዞር ሲባል ሁሉም ይሻማል፤ ጽሑፉ ግን «መጨረሻ ላይ ትጥልበታለህ» ይባላል። ካርቱም ውስጥ፣ የሱዳኑ ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት፣ የማስታወቂያ ቪዲዮ በሚሠራ አንድ ትንሽ ቤት ስሠራ ከሁሉ ይበልጥ ያንከራተተኝ ይኸው የተናቀው ጽሑፍ ነው።

ጣጣው የመጣው ከዴም ነው። ዴም ያኔ ሐበሻ የሚበዛበት የካርቱም ሰፈር ነበር። እዚያ ምግብ ቤት የነበራቸው፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት፣ ግድግዳ ላይ በሰቀሉት ቴሌቪዥን የምግብ ዝርዝራቸው በአማርኛና በዐረብኛ እንዲወጣ ፈለጉ። «የቆመ ጽሑፍ አልፈልግም፤ ሰው እየጻፈው ያለ ይምሰል፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

አማርኛውን በፍላሽ አመጡልኝ። ስከፍተው የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ነገር ሆነ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት መጻፊያዎች የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲኑ ቦታ ላይ ስለነበር፣ ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ከሥር ያለው ይወጣል። ጽሑፉ ሳይጠፋ የማይነበብ መሆኑ እትዬን አላሳመናቸውም፤ «እቤቴ ይነበብ ነበርኮ» አሉ። አጠገቤ ተቀምጠው እያነበቡልኝ እንደገና ጻፍኩት።

ከዚያ «ይወፍር» አሉ። የያዝኩት ፎንት አንድ ውፍረት ብቻ ነበረው፤ የምንሠራበት ፕሮግራም፣ አፍተር ኢፌክትስ፣ ግን ቦልድ ሲባል እንቢ አይልም፣ የፊደሉን ጠርዝ ዙሪያውን ያሳብጠዋል። «የፆም በያይነቱ» የሚለው ላይ የ«ፆ» ዐይን ተደፈነና ጥቁር ኳስ መሰለ። መፍትሔው ውፍረቱ ራሱ የተሳለለት ፎንት መፈለግ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭኑ እስከ በጣም ወፍራሙ ድረስ አለው፤ የወፍራሙን «ፆ» የሳለ ሰው ቀዳዳውን ሆን ብሎ ከፍቶ ትቶታል። ይህን ባየሁ ቁጥር ያንን ሰው አመሰግናለሁ።

አማርኛው በዚህ አለቀ። የእኛ ፊደል ለአኒሜሽን የተመቸ ነው፤ እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ይቆማል፣ አንድ በአንድ ብታወርደው፣ አራርቀህ ብትደረድረው ቅር አይለውም።

ዐረብኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ምግብ ቤት ለማለት «ማጥዐም» ይጻፋል፦ ሚም፣ ጧ፣ ዐይን፣ ሚም። አራቱም እጅ ለእጅ የተያያዙ ናቸው። መጀመሪያ ያለው ሚም ትንሽ ቋጠሮ ብቻ ነው፤ መጨረሻ ያለው ወደ ታች የሚወርድ ጅራት አለው። እኛ ዘንድ የነበረው የፕሮግራሙ ቅጂ አሮጌ ነበር፤ አራቱንም ነጣጥሎ፣ ሁለቱንም ሚሞች ባለጅራት አድርጎ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ደረደራቸው። ቃሉ ዳርና ዳሩ ሚም ስለሆነ እኔ መገልበጡን አላየሁትም። የኦምዱርማን ልጅ የሆነው ባልደረባዬ ግን ገና ከበር ሆኖ «ያ ዞል (አንተ ሰው)፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

እርሱ ስለ ፊደል ሲናገር ቀልድ አያውቅም። ዑስማን ወቂዓላ በ1954 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ ስቱዲዮ ከፍቶ ቁም ጽሕፈትን የዘመናዊ ሥዕል ጉዳይ ባደረገበት አገር፣ ሠዓሊው ኢብራሂም ኤል ሳላሒ የዐረብኛን ፊደል ሰብሮ ከስብርባሪው ፊትና አካል ባወጣበት አገር ነው ያደገው። «ሳላሒ የሰበረው አውቆ ነው» አለኝ፤ «ምሳ ፍለጋ የመጣ ሰው ግን ማንበብ አለበት።»

ዛሬ ችግሩ ቀላል ነው። አዲሶቹ የአፍተር ኢፌክትስ ቅጂዎች የዐረብኛን ፊደል አያይዘው ከቀኝ ወደ ግራ መደርደር ይችላሉ። እኛ ግን እነርሱ አልነበሩንም። አሜሪካ በሱዳን ላይ በ1997 እ.ኤ.አ. የጣለችው የንግድ ማዕቀብ በኦክቶበር 2017 እ.ኤ.አ. ቢነሣም፣ እኛ ቤት በካርድ ከፍሎ ሶፍትዌር መግዛት አይታሰብም ነበር፤ የምንሠራው ከእጅ ወደ እጅ በዞረ ቅጂ ነበር።

ባልደረባዬ የድሮውን ዘዴ አመጣ። ዩኒኮድ ውስጥ እያንዳንዱ የዐረብኛ ፊደል ለብቻው ሲቆም፣ ሲጀምር፣ መሐል ሲገባና ሲጨርስ ያለው መልክ ለየብቻ የተመዘገበበት ቦታ አለ። ጽሑፉን ወደነዚያ መልኮች ቀይራ ቅደም ተከተሉን የምትገለብጥ ትንሽ መሣሪያ ነበረችው። ያወጣችውን ስንለጥፈው «ማጥዐም» ተያይዞ፣ አምሮ ቆመ። ደስታችን አልቆየም። «በየቀኑ ትኩስ ዝግኒ፣ ከኢትዮጵያ ቡና ጋር» የሚለው ሳጥኑ ውስጥ ሁለት መስመር ሲሆን ቡናው ከላይ፣ ዝግኒው ከታች ገባ፤ የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ሲታጠፍ ጫፉ ነው ቀድሞ የሚወጣው። ዋጋውም አብሮ ተገልብጦ 350 የነበረው 053 ሆነ። ዐረብ ጽሑፉን ከቀኝ ቢያነብም ቁጥሩን የሚጽፈው ከግራ ነው፤ መሣሪያዋ ይህን አታውቅም። ስለዚህ ሳጥኑን ተውነው፤ እያንዳንዱን መስመር በራሱ ሌየር፣ ቁጥሩንም ለብቻው አደረግን።

የቀረው «እየተጻፈ ያለ ይምሰል» ያሉት ነው። በአማርኛው ፊደል በፊደል ስናወርድ ደስ ይላል። በዐረብኛው ግን ገና ያልመጣውን ጎረቤቱን ለመያዝ ክንዱን የዘረጋ ፊደል ብቻውን ይንጠለጠላል። እኔ ፊደል በፊደል ማውረዱን ትቼ መስመሩን ሙሉውን ጻፍኩና ማስክ ጥዬበት ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ እያልኩ ገለጥኩት፤ የቀለም ብዕር እንደሚሄደው። አማርኛው ከግራ፣ ዐረብኛው ከቀኝ ተነሥተው መሐል ሲገናኙ ባልደረባዬ «አሁን ሆነ» አለ። ከዚያ ሥራ ሁሉ የምወደው ያቺን ሽርፍራፊ ሰከንድ ነው። የፊደልን ተፈጥሮ ያላከበረ እንቅስቃሴ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ዐይን ያደክማል ብዬ አምናለሁ፤ አንባቢው ምኑ እንዳስቸገረው ባያውቅም።

ቪዲዮው ሬንደር ላይ፣ ማለትም ተሠርቶ እየወጣ እያለ፣ ካህራባ (መብራት) ጠፋ። የዚያ አገር ሙቀትና የመብራት መቆራረጥ አብረው ነው የሚመጡት። ደግነቱ በአንድ ቪዲዮ ፋይል ፋንታ በተከታታይ ሥዕሎች እንዲወጣ አድርገነው ነበርና፣ መብራት ሲመለስ ከቆመበት ሥዕል ቀጠለ።

እትዬ ቪዲዮውን ደጋግመው አዩት፤ ዐረብኛውን ለደንበኞቻቸው አስነበቡ፤ ሒሳቡን ቆጥረው ሰጡንና «ለእንቁጣጣሽ ሌላ ትሠሩልኛላችሁ፣ ትግርኛም ይግባበት፤ ኤርትራውያን ደንበኞች አሉኝ» አሉ። ቢሮ እንደገባሁ መጀመሪያ ያየሁት ፎንቱ የትግርኛው «ቐ» እንዳለው ነው። አለው፤ ወፍራሙም ጭምር።