ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጡ ጎድጓዳ ዕቃዎችን ለመቆጣጠር የወጣ የፌዝ አዋጅ

ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ አለመሆኑ ስለተደረሰበት፤ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከቆመ ሳተላይት የሚለቀቅ ሞገድ ፈቃድ ያለውንም የሌለውንም ጣሪያ ሳይለይ፣ ያውም ከማንም መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ሳይዝ ሌት ተቀን ሲመታ ስለተገኘ፤ ሞገዱን አስሮ ፍርድ ቤት ማቅረብ ባለመቻሉም በምትኩ ጣሪያውን ተጠያቂ ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ። ይህ አዋጅ “የጎድጓዳ ዕቃዎች አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር “ጎድጓዳ ዕቃ” ማለት ጎድጓዳ የሆነ ዕቃ ነው።

አንቀጽ 3፦ ክልከላና ከክልከላው ነፃ ስለመሆን። ማንኛውም ሰው ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ሳያገኝ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ ጎድጓዳ ዕቃ በጣሪያው፣ በግቢው ወይም በሐሳቡ መያዝ አይችልም። ይህ እንደተጠበቀ ሆኖ ድስት ከክልከላው ነፃ ነው። ሆኖም ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ድስት አፉ ወደ መሬት መደፋት ይኖርበታል። አፉ ወደ ላይ የሆነ ድስት ወጥ ካለበት ነፃ ሲሆን፣ ወጡ ሲያልቅ ነፃነቱም አብሮ ያበቃል። ሰፌድ እህል እስከተበጠረበት ድረስ ይፈቀዳል። ወደ ምሥራቅ፣ ኢትዮሳት ወዳለበት ወደ 57 ዲግሪ ያጋደለ ሰፌድ አገር ወዳድ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ወደ ምዕራብ፣ የግብፁ ናይልሳት ወዳለበት ወደ 7 ዲግሪ ያዘመመ ከሆነ ግን የአበጣሪዋ ዓላማ ይጣራል። ነፋስ የገለበጠው ጃንጥላ ባለቤቱ የነፋሱን ፈቃድ ዋናውንና ኮፒውን ካቀረበ አይወረስም። ጆሮ በተፈጥሮው ጎድጓዳ በመሆኑ ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል። የመጨረሻው ድንጋጌ ቀልድ የሚመስለው ጥቅምት 2009 ዓ.ም.ን ለረሳ ሰው ነው፤ ያኔ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ኮማንድ ፖስት መመሪያ ኢሳትና ኦኤምኤን የተባሉትን የሳተላይት ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ማየት ተከልክሎ ነበር። የተከለከለው ማሰራጨት ብቻ አልነበረም። ማየትም ነበር! ሂዩማን ራይትስ ዎችም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በዚያው እ.ኤ.አ. 2016፣ በየቤቱና በየንግድ ቤቱ ዲሽ እንደተሰባበረ ዘግቦ ነበር። ዲሹ መርካቶ ላይ በግላጭ ተሸጦ የተሰቀለ ዕቃ ነበር።

አንቀጽ 4፦ ቅጣት። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መሣሪያ ያለ ፈቃድ ያስገባን ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ለተራ የሰው ግድያ ያስቀመጠው መነሻ 5 ዓመት ነው። የፌዝ አዋጁ ከዚህ የከረረ ቀልድ ማምጣት ስላልቻለ ስለ ቅጣት ምንም አልደነገገም።

አንቀጽ 5፦ ስለሚነሡ መቃወሚያዎች። ሞገድ ውስን ሀብት ነው፣ ሁሉም እንዳሻው ከለቀቀው የአውሮፕላንና የአምቡላንስ ሬዲዮ ይታወካል የሚል መቃወሚያ ይቀርባል፤ እውነት ነው። አገሮች በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሥር ተሰብስበው ሞገድ የሚከፋፈሉትም አንዱ ሌላውን እንዳያውክ ነው። ነገር ግን የሚያውከው የሚያሰራጭ ነው። የቤት ዲሽ የሚወርድበትን ሞገድ ሰብስቦ ፊቱ ላይ ለተገጠመው መቀበያ (ኤልኤንቢ) ከማቀበል በቀር ወደ ሰማይ የሚልከው የለውም፤ ሺህ ዲሽ ቢሰቀል የጎረቤት ምስል አይደበዝዝም። ማወክ ወንጀል ከሆነ ታዲያ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሌላ ቦታ ነው። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት የማፈን አቅም እየተገነባ መሆኑን በአደባባይ ተናግረዋል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አረብሳት ሥርጭቴ ከኢትዮጵያ ምድር እየታወከ ነው ሲል ከሷል። ሞገድ ጠባቂው ራሱ ሞገድ አዋኪ ተብሎ ሲከሰስ፣ ጣሪያ ላይ ጸጥ ብሎ የተቀመጠው ሳህን ምን አደረገ?

ሌላው መቃወሚያ ከበድ ይላል። አቶ መለስም ያን የአሜሪካ ድምፅ ሥርጭት ከሩዋንዳው ሬዲዮ ሚል ኮሊን ጋር አነጻጽረውታል፤ ያ ጣቢያ በ1994 እ.ኤ.አ. በእርግጥ ሰው ያስገደለ ጣቢያ ነው። ስለዚህ ጥላቻ የሚነዛ ሥርጭት ሲመጣ መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ? አይቀመጥ። ግን ምሳሌውን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ሚል ኮሊን በሳተላይት ከውጭ የገባ ሳይሆን በኪጋሊ ተቋቁሞ ከሥልጣን ጋር ተጠግቶ የኖረ ጣቢያ ነበር። አሩሻ ላይ የተሰየመው ዓለም አቀፉ የሩዋንዳ የወንጀል ፍርድ ቤትም በ2003 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛ ያላቸው የጣቢያውን መሥራቾች ነው። ሬዲዮ ከፍቶ በመስማቱ ብቻ አሩሻ የቀረበ የለም። ምሳሌው ለዲሽ ሰባሪ አይሆንም፤ በተናጋሪው እንጂ በሰሚው ላይ የሚፈርደው ነገር የለውምና።

አንቀጽ 6፦ ስለ አፈጻጸም። ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ አይወጣም። ቀጣዩን የሞገድ ሕግ የምታረቅቁ ባለሙያዎች ግን ረቂቃችሁ ውስጥ አንዲት መስመር ጨምሩልን፦ መቀበል ብቻ የሚችል መሣሪያ ፈቃድ አያስፈልገውም።