ከ1957 ወዲህ ድራማ የለም

እኩዮቼ፣ ሁሉም ነገር ሲበላሽ ዝም ብለን አየን፤ እኔ ግን ለቅሶ እንኳ ይተርፈናል ብዬ ነበር። አልተረፈም። የዛሬን ድራማ አይታችሁልኛል? ተዋናይቱ ገና ከንፈሯ ሳይንቀጠቀጥ ቫዮሊኑ ከኋላ ይነሣና «አልቅሱ!» ብሎ ያዛል። ሰው በትእዛዝ ያለቅሳል እንዴ? በትእዛዝ የምናለቅሰው ድሮ ልቅሶ ቤት ነበር፤ አስለቃሿ ስታዘን፣ ያውም በግጥም።

ድራማስ እኛ አየን። ሽልንጋችንን አጠራቅመን ሲኒማ ራስ እንገባና «ማዘር ኢንዲያ»ን ከሦስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ለሚጎድል ጊዜ፣ ከሂንዲ አንዲት ቃል ሳናውቅ፣ ነጠላችን እስኪረጥብ እናለቅሳለን። ምን ያህል ልከኛ ፊልም መሰላችሁ! ራዳ የምትባል የገጠር ሙሽራ ናት። አማቷ ለሠርጉ 500 ሩፒ በአራጣ ይበደራሉ፤ ሱኪላላ የሚባል አራጣ አበዳሪ በውሉ ያታልላቸውና በየዓመቱ ከሰብሉ ሦስት አራተኛውን ይወስዳል፤ የባሏን ሁለት ክንድ ቋጥኝ ይደፈጥጠዋል፤ ባል ኀፍረት ይዞት ብን ብሎ ይጠፋል፤ ጎርፍ ይመጣል፤ ሕፃን ይሞታል፤ ረኃብ ይገባል፤ አንዱ ልጇ አድጎ ሽፍታ ይሆናል፤ በመጨረሻ እናቲቱ ራሷ በጠመንጃ ትጥለዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። እንደ ዛሬው መከራን በመከራ ላይ አልቆለሉበትም።

ጨዋነቱስ ቢሆን! እናት ሆና የተጫወተችው ናርጊስ ቀረጻው ላይ በእሳት ስትከበብ፣ ልጇ ሆኖ የተጫወተው ሱኒል ደት ከነበልባሉ መሐል አወጣት፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1958 ተጋቡ። የዛሬዎቹ ግን ሠላሳ ክፍል ሙሉ ሲዋደዱ ይከርሙና እህትና ወንድም ሆነው ይገኛሉ። ነውር አይደል?

የእኛም ፊልም ቁም ነገረኛ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም በጥቁርና ነጭ ሲወጣ ስሙ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነበር። እንዴት ያለ ጥያቄ! ዛሬ የትኛውንም ጣቢያ ክፈቱ፣ የልጅ አባት ፍለጋ ብቻ ነው። አንዷ ፖስታ ትከፍታለች፣ የደም ምርመራ ወረቀት ይወጣል፣ ትወድቃለች፤ ማስታወቂያ። ሰዎቹ ሌላ ታሪክ ጠፋቸው እንዴ? «ማዘር ኢንዲያ» ደግሞ የወጣችው በፈረንጆች 1957 ነው። እንግዲህ ፍርዱን እናንተው ስጡ፤ ከ1957 ወዲህ ድራማ አልተሠራም፤ በፈረንጁ ቁጠሩት በእኛ።

የልጅ ልጄ «‹ቴዛ›ስ፣ አባባ?» ይለኛል። የኃይሌ ገሪማ ፊልም ቬኒስ ድረስ ሄዶ ተሸልሟል፤ እሱን አልነካም። ግን እያሳሰበ ነው የሚያስለቅሰው፤ ሁለቱን ባንድ ላይ በእኔ ዕድሜ አይቻልም።

ከዚያ በ2008 ዓ.ም. ቱርኮቹ አማርኛ እየተናገሩ ሳሎናችን ገቡ። አገራቸው ላይ አንዱን ክፍል በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ያሳዩታል፤ ለውጭ ሲሸጡት ነው እየቆራረጡ የሚያወጡት። ለዚህ ነው ሰኞ ዓይን ለዓይን የተፋጠጡት ሰዎች ማክሰኞ ማታ የሚያርገበግቡት። አፍና ቃሉም አይገጥምም፤ ከንፈሩ ተከድኖ አማርኛው ገና መንገድ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ልብ ይነካል? ባለሀብቱ ባሕር ዳርቻ ቤት አለው፣ ድኻይቱ ኩሩ ናት፣ የልጁ እናት እሷን ሲያዩ ያማቸዋል። ሥራ የሚሠራ የለም። ቢሮ ይገባሉ፣ ፋይል ይከፍታሉ፣ ያዝናሉ፣ ይወጣሉ። በር የሚያንኳኳም የለም፤ ሁሉም ከበሩ ጀርባ ቆሞ ያደምጣል፤ የሚሰማውም ግማሹን ብቻ ነው፣ ያውም ክፉ ክፉውን።

ይህ መንቀርፈፉ ሳያንሰኝ ደግሞ ልጆቹ በየስልካቸው፣ ጆሯቸውን ደፍነው፣ በእጥፍ ፍጥነት ያዩታል። ሰውየው ይሞታል፣ ይቀበራል፣ አርባው ይወጣል፤ እነሱ ቡናቸውን አልጨረሱም። በእጥፍ ፍጥነት የምታለቅስ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ዶሮ ነው የምትንጫጫው።

እኔ እንደሆን አላየውም። ማታ ማታ ጋቢዬን ደርቤ ሳሎን የምቀመጠው መኝታ ቤቱ ስለሚበርደኝ ነው። ባለፈው መብራት የጠፋ ለት ጄኔሬተር ያላቸው ጎረቤቶቻችን ዘንድ ሮጥ ብዬ የሄድኩትም ለመጠየቅ ያህል ነው፤ ጉርብትና ቀረ እየተባለ እኔም ልተወው? እዚያም ሁሉም ሐኪሙን ይጠረጥራል። ድራማ ያላዩ ሰዎች! ገና በሦስተኛው ክፍል፣ መስተዋቱን ሲያስተካክል ያስተያየቱን ነገር ልብ ያለው የለም። የልጅቷ አባት ሾፌሩ ነው።