ኤርፈርት ሳይደርሱ ኤርፈርት መኖር

ድሮ ሰው ሀገር ሲለውጥ ብዙ ይደክም ነበር። ቋንቋው ያስቸግረዋል፣ ምግቡ አይጥመውም፣ የሚያናግረው ሰው ይርበዋል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይለምዳል። የዛሬው ሪሞት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ብክነት አያውቅም። አውሮፕላኑ ፍራንክፈርት ያርፋል፣ ባቡሩ ኤርፈርት ያወርደዋል፣ ሻንጣውን ጥግ ያስይዝና የዋይፋዩን ቁልፍ ይጠይቃል። በቃ፣ ገባ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመትም ይቀመጥ አምስት፣ ከተማዋ እሱን አታውቀውም፤ እሱም ከተማዋን ለማወቅ ብሎ አላስቸገራትም። ለዚህ ሥልጣኔ እስካሁን የሚገባው ምስጋና አልቀረበለትምና እኔ ላቅርብ።

በርሊን የቤት ኪራይ እሳት ነው፤ የሙኒክማ አይነሣ። ኤርፈርት ግን የቱሪንገን ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ ሆና እንኳ ሕዝቧ ከ200 ሺህ እምብዛም አይበልጥም። ጀርመን መሐል ላይ ስላለች ፈጣኑ ባቡር በርሊን ለመድረስ ሁለት ሰዓት አይፈጅበትም። ሪሞት ሠራተኛው ወንድማችን ይህን ሁሉ በኤክሴል ደምሮና ቀንሶ ነው የመጣው። «ምኗ ስቦህ ነው?» ብትሉት ስለ ከተማዋ ትንፍሽ ሳይል የካሬ ሜትሩን ኪራይ ከነማሞቂያው ይነግራችኋል። ማርቲን ሉተር በ1501 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ለትምህርት ወደዚችው ከተማ ሲመጣ ኪራይ ስለ ማነጻጸሩ የተጻፈ ነገር የለም። መጨረሻው ገዳም የሆነው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ኤርፈርት በጌራ ወንዝ ላይ ክሬመርብሩከ የሚባል ድልድይ አላት። ከ1325 ጀምሮ በድንጋይ የቆመ ነው። ግራና ቀኙን 32 ቤቶች ተደርድረውበት ዛሬም ሰው ይኖርበታል፤ መሐል ለመሐል የሚያልፍ ሰው ቤቶቹ ወንዙን ስለሚከልሉት ድልድይ ላይ መሆኑን እንኳ ልብ አይልም። ወንድማችንም ድልድዩን በደንብ ያውቀዋል። የቪዲዮ ስብሰባው የጀርባ ሥዕል ነው። ከቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆንም ፎቶውን ያወረደው ከኢንተርኔት ነው፤ ጥራቱ ይሻላል።

የካቴድራሉ ማማ ላይ ደግሞ ግሎሪዮዛ የምትባል ደወል አለች። በ1497 የተሠራች ናት፤ ክብደቷ ከ11 ቶን ያልፋል፤ በትልልቅ በዓላት ካልሆነ አትደወልም። ስትደወል ድምፅዋ ጆሮን አልፎ ደረት ውስጥ ይገባል። የጀርመን በዓል አለቃው ያለበት የካሊፎርኒያ በዓል አይደለምና ወንድማችን በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነው። ደወሏ ስትጀምር ወዲያው ማይኩን ይዘጋል። ሲመለስ «ይቅርታ፣ ውጭ ግንባታ ነገር አለ» ይላል።

ሆኖም ሰውን ያለ ሥራው ማማት ነውር ነው። ወንድማችን ለሕንፃው የማይናቅ ውለታ ውሏል። ጠዋት ጠዋት ጎረቤቶቹ ሁሉ ወደ ሥራ ይወጣሉ፤ ቤት የሚውለው እሱ ብቻ ነው። ይህን ማንም ሳይነግረው ቀድሞ የደረሰበት የፓኬት አመላላሹ ነው። ጀርመን ውስጥ ባለቤቱ ያልተገኘ ፓኬት ለጎረቤት ይሰጥና «ዕቃህ እገሌ ዘንድ ነው» የሚል ካርድ ፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ይጣላል። መጀመሪያ አንድ የጫማ ካርቶን መጣ። ቀጥሎ የድመት ምግብ። ከዚያ ክረምቱ ሲቃረብ አራት የመኪና ጎማ። አሁን አመላላሹ የሌሎቹን መጥሪያ መንካት ትቶታል፤ ከመኪናው እንደወረደ ቀጥታ የወንድማችንን ይጫናል። ኮሪደሩ የጉምሩክ መጋዘን መስሏል፤ ሽንት ቤት ለመሄድ የሰው ምንጣፍ መሻገር አለበት።

ማታ ባለቤቶቹ በየተራ ያንኳኳሉ። «ጉተን አበንት። ፓኬት?» ይላሉ። «ያ፣ ፓኬት» ይላል። «ዳንከ።» «ቢተ።» በሩ ይዘጋል። ወንድማችን ከጀርመን ሕዝብ ጋር እስከዛሬ ያደረገው ውይይት ሙሉ ቃሉ ይኸው ነው። ባለፈው ገና የሦስተኛው ፎቅ ሴትዮ፣ በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ በእጃቸው የጋገሩትን ብስኩት በሳህን አድርገው፣ በናፕኪን ሸፍነው ይዘውለት መጡ። የእስከዛሬውን ውለታ ለማመስገን ነው። እሱ ግን ከልምድ የተነሣ ተቀብሎ ሳህኑን ዙሪያውን አገላበጠ፤ አድራሻ እየፈለገ ነው። የማን እንደሆነ ስላላገኘ ከጎማዎቹ ላይ አስቀመጠው።

ቀኑን የፓኬት ሹም ሆኖ ከዋለ ሥራውን መቼ ይሠራል? ማታ። ደመወዙን የሚከፍለው በርሊን የተመዘገበ ኩባንያ ነው፤ አለቃው ግን ካሊፎርኒያ ነው፤ በመካከላቸው የ9 ሰዓት ልዩነት አለ። አለቃው ምሳውን በልቶ፣ ቡናውን ይዞ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ስብሰባ ሲጠራ ኤርፈርት ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ደግሞ ጀርመን ውስጥ የጸጥታ ሰዓት የሚጀምርበት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማስነሣት ከጎረቤት ያጣላል። ግድግዳው ስስ ነው። ስለዚህ ወንድማችን የሚሰበሰበው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው። የሩብ ዓመቱን ዕቅድ በሹክሹክታ ያቀርባል። ካሊፎርኒያ ያሉት ባልደረቦቹ ይህን ድምፅ ሲሰሙ የተረጋጋ፣ አስተዋይ ሰው ይመስላቸዋል፤ በሥራ ግምገማው ላይም በጠንካራ ጎን ተመዝግቦለታል። አንድ ምሽት ሳቅ አምልጦት የታችኛው ቤት ሰውዬ የማሞቂያውን ቧንቧ በማንኪያ ቀጠቀጠው። ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ ቀልድ ሲነገር የሚስቀው በኢሞጂ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው የት መሰላችሁ? የጀርመን ፌዴራል የሥራ ፍርድ ቤት በሚያስችልበት ከተማ ነዋ! ፍርድ ቤቱ በ1999 ከካሰል ወደ ኤርፈርት ተዛውሮ ፔተርስበርግ የተባለው አሮጌ ምሽግ ያለበት ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። አሠሪዎች የሠራተኞቻቸውን የሥራ ሰዓት የመመዝገብ ግዴታ አለባቸው ብሎ በሴፕቴምበር 2022 የወሰነውም እሱ ነው። የሥራ ሰዓት ሕጉ አንዱ የሥራ ቀን አልቆ ሌላው እስኪጀምር የ11 ሰዓት ዕረፍት ያዝዛል። ወንድማችን ከብርድ ልብሱ ሥር ሲወጣ እኩለ ሌሊት ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የበርሊኖቹ ስብሰባ ይጠብቀዋል። መጋረጃውን ቢገልጥ ኮረብታው ፊት ለፊቱ ነው። አይገልጥም፤ ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል። ደግሞም የሚገርማችሁ፣ ሰዓታቸው ተቆጥሮ 11 ሰዓት ሲሆን ብስክሌታቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት ጎረቤቶቹ ያሳዝኑታል። «የቢሮ እስረኞች» ይላቸዋል። እሱ ነፃ ሰው ነው።

ከሀገሩ ባህል ጋርስ በምን ተገናኘ ካላችሁ፣ በ18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም። በየወሩ ከእያንዳንዱ ቤት የሚሰበሰብ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መዋጮ ነው፤ ቴሌቪዥን የለኝም ማለት አያድንም። አንድም ቀን ያልሰማውን ዜና፣ አንድም ቀን ያልገባውን ድራማ በታማኝነት ይደጉማል። ከዚህ በላይ ለባህል ቀናዒ የሆነ ሰው አላየሁም። እሑድ እሑድ ሱቅ ሁሉ ስለሚዘጋ ከተሜው ወደ ጫካውና ወደ ወንዝ ዳር ይወጣል፤ በየግቢው ከሰል ይቀጣጠልና የቱሪንገን ብራትቩርስት ይጠበሳል። ጭሱ ወደ ቤቱ ሲገባበት ወንድማችን መስኮቱን ይጠረቅምና «እዚህ ሀገር እሑድ ምንም ነገር የለም» ብሎ ለጓደኞቹ ይጽፋል።

ቋንቋን በሚመለከት ሕጉን ከእኔና ከእናንተ አብልጦ ያውቀዋል። ብሉ ካርድ በሚባለው የባለሙያዎች ፈቃድ የገባ ሰው በ27 ወር ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ከጀርመንኛ የሚጠየቀው የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ኤ1ን ብቻ ነው። ቢ1 ከደረሰ ደግሞ 21 ወር ይበቃዋል። ለስድስት ወር ብሎ ሁለት ደረጃ መውጣት? ይህንንም በኤክሴል አይቶት አያዋጣም ብሏል።

በዚያችው ከተማ አንዲት እህታችን አለች፤ ነርስ ናት። አዲስ አበባ ሳለች ደብተሯን ታቅፋ ስድስት ኪሎ ጎተ ኢንስቲትዩት ስትመላለስ ኖራ፣ ቢ2 ደርሳ ነው ሥራ የጀመረችው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የነቁ የ90 ዓመት አዛውንት «የትኛው ጋ ነው የሚያምዎት?» ተብለው በእንግሊዝኛ አይጠየቁማ። እንግዲህ ሚዛኑን ተመልከቱልኝ፤ የአዛውንት ገላ ለማጠብ የጀርመንኛን ስም ሁሉ ከነጾታው ማወቅ ግዴታ ነው፤ ከእሷ እጅግ የበለጠ ደመወዝ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ለመቀበል ግን «ዳንከ» ይበቃል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የጀርመን መሥሪያ ቤት ሞኝ ባይሆንም ወረቀቱን ግን አይለቅምና የወንድማችን ፖስታ ሣጥን በየሳምንቱ ይሞላል፤ የማሞቂያ ሒሳብ፣ የጤና መድን፣ የደረጃ መጥረግ ተራ። ሁሉንም ፎቶ አንሥቶ «እህቴ፣ ይቺን አየት አድርጊልኝ» ብሎ በቴሌግራም ይልክላታል። እሷም ከሌሊት ተራዋ ወጥታ፣ ትራም ውስጥ ቆማ ትተረጉምለታለች። ውለታ የሚበላ ሰው አይደለምና በምላሹ ይመክራታል፦ «አንቺም እኮ ይሄን ሥራ ትተሽ ሪሞት ብታደርጊው ይሻልሽ ነበር።»

ለማነጻጸሪያ አንድ ኋላ ቀር ሰው ላምጣ። ኢዮብ ሉዶልፍ በ1624 እዚሁ ኤርፈርት ተወለደ። የከተማዋ የመጀመሪያ ሪሞት ሠራተኛ ቢባል ያስኬዳል፤ የኢትዮጵያን መሬት ሳይረግጥ ዕድሜውን በኢትዮጵያ ጉዳይ ላይ ፈጅቷል። አሠራሩን ግን ተመልከቱ። ግዕዝን ከመጻሕፍት ለቀመ። በ1649 ሮም ሄዶ ከኢትዮጵያዊው የመካነ ሥላሴ ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተዋወቀ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ተጋብዘው ጎታ መጡ፤ ጎታ ከኤርፈርት ዛሬ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እዚያ ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀምጠው ሉዶልፍ ስለ ቋንቋውም ስለ ሀገሩም እየጠየቀ ጻፈ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን አልተወም። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አሳተመ፤ በ1698፣ ዕድሜው ከ70 አልፎ፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። የጊዜ አጠቃቀም ችግር ያለበት ሰው ነው! እግሩ ኢትዮጵያ ሳይደርስ አፉ ደረሰ። የእኛው ጀግና ይህን አሻሽሎታል፤ እግሩ ኤርፈርት ከገባ ቆይቷል፣ አፉ ገና መንገድ ላይ ነው። ሉዶልፍ የነበረው አንድ መነኩሴ ነው። ወንድማችን በየማታው በሩን የሚያንኳኳ ሕንፃ ሙሉ ጀርመን አለው፤ ችግሩ ሁሉም የሚፈልጉት ፓኬት ነው።

ሰሞኑን ኤርፈርትን ሊለቅ ወስኗል። ምን ነካህ ብለው፣ «ሰዉ ዝግ ነው። ይሄን ያህል ስቀመጥ አንድ ሰው እንኳ ቤቱ አልጠራኝም» አለኝ። ቀጥሎ ቫሌንሲያ ነው፤ ዋይፋዩን አስጠይቋል። ከመሄዱ በፊት «የጀርመኖች ጠባይና አኗኗር» በሚል ርዕስ ለአዲስ ገቢዎች ገለጻ ሊሰጥ ስላይዶቹን እያዘጋጀ ነው። የሕንፃው ሰው ግን ወሬውን ሲሰማ ደነገጠ፤ ባለፈው ሳምንት በወንድማችን በር ሥር አንድ ወረቀት ገባ። እንደ ልማዱ ፎቶ አንሥቶ ለእህታችን ላከው። «የማሞቂያ ነው?» አላት። አይደለም። የሦስተኛው ፎቅ ሴትዮና የታችኛው ቤት ሰውዬ፣ ያ ባለ ማንኪያው፣ ከሌሎቹ ጎረቤቶች ጋር ተፈራርመው የመሰናበቻ ግብዣ ጠርተውታል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እታች ግቢው ውስጥ፣ ብራትቩርስት አለ።

ወንድማችን ትንሽ አሰበበት። ከዚያ «እህቴ፣ በቪዲዮ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቂልኝ» አላት።