ያለ ዲቪ የገባችው

ዋርሳዬ አገር ቤት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር፤ አሁን ማያሚ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። ማስተማር ያማረው ሰው ምን ያድርግ፣ ወፍ ላይ ተወጣው። ለገና ብሎ ጠራንና የዶሮ ወጡ ከሆዳችን ሳይወርድ፣ በማግስቱ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቀሰቀሰን። ኤቨርግሌድስ ልንሄድ ነው። ረግረጉ የሚጎበኘው በበጋ ነው አለ፤ በጋቸው ደግሞ እንደኛው ከኅዳር ይጀምራል። ውሃው ሲሸሽ ዓሣው በየጉድጓዱ ይታጎራል፤ ወፉም አዞውም ማዕዱ ዙሪያ ይሰበሰባል። ትንኟም ጋብ ትላለች፤ እኔን ያሳመነኝ ይኸኛው ነው።

አማቴ ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥተው ስለነበር ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀመጡ።

አንሂንጋ ከሚባለው የእግር መንገድ ስንደርስ መኪና ማቆሚያው ላይ ጥንብ አንሳዎች ተደርድረው ጠበቁን። ጥንብ ፈልገው እንዳይመስላችሁ፤ የዝናብ መጥረጊያውን ጎማና የመስኮቱን ዙሪያ ላስቲክ ነው የሚነቅሉት። ፓርኩም ቸግሮት ለጎብኚ መኪና ሸራና ማሰሪያ ያቀርባል። መኪናችንን እንደ ሙሽራ ሸፋፍነን ስናበቃ አማቴ፣ «አይ አሜሪካ! ጥንብ አንሳው እንኳ ጠግቦ ላስቲክ ያኝካል» አሉ።

ከእንጨቱ መተላለፊያ ሥር አዞ ተጋድሟል።

«ታስሯል?»

«አልታሰረም፣ እማዬ።»

«ቁርሱን በልቷል?»

ዋርሳዬ በብርድ ጊዜ እምብዛም እንደማይበላ ማስረዳት ሲጀምር እሳቸው ከአዞው አልፈው ርቀው ሄደዋል።

መንገዱ ስሙን የወሰደው ከአንሂንጋ ወፍ ነው። ላባዋ ውሃ ስለሚመጥ ጠልቃ ዓሣ ታድንና ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ላይ ትሰጣዋለች። አንዷ ከአጠገባችን ብቅ አለች፤ ዓሣውን ጎኑ ላይ በመንቆሯ ወግታዋለች። ከግንድ ላይ ደጋግማ አላተመችው፣ ወደ ላይ ወረወረችው፣ በጭንቅላቱ በኩል ቀለበችው። ቀጭኑ አንገቷ አብጦ ቁልቁል ሲወርድ በዓይናችን ተከተልነው። «ውሃም አልጠጣችበት» አሉ አማቴ።

ስንመለስ በሆምስቴድ እርሻዎች መሃል ትራክተር ያርሳል፤ ከኋላው ነጫጭ ወፎች ይንጠራወዛሉ።

«አቁም! ሳቢሳ! የኛዋ የላም ወፍ!»

ዋርሳዬ ዳር ያዘ። ይኼን ጊዜ ነበር የሚጠብቀው። ማንም አላመጣትም አለን፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ከአፍሪካ አትላንቲክን በራሷ ክንፍ ተሻግራ ደቡብ አሜሪካ ገባች። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ፍሎሪዳ ታየች፣ በ1953 እዚሁ ጎጆ ሠርታ ፈለፈለች።

«ያለ ቪዛ?» አሉ አማቴ። እሳቸው ለስድስት ወር ጥየቃ «ትመለሻለሽ ወይ?» እየተባሉ ላብ ያጠመቃቸው ናቸው። «ላሟስ?»

«ላም ባታገኝም ግድ የላትም። ትራክተርም ይሁን የሣር ማጨጃ፣ ፌንጣ ካስነሳላት ትከተለዋለች።»

ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተም ጠመኔህን ጥለህ መሪ ጨብጠህ የለ! በል ጻፋት።»

በየቦታው የምትገኝ ወፍ ናት ብሎ ሊያንገራግር ሞከረ። ዓይናቸውን ሲያይ ያየውን ወፍ የሚመዘግብበትን ደብተር አወጣ። «ስንት ልበል?»

አማቴ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ሜዳውን ቃኙት። «መቁጠሩን ተወው። አንዷ ከገባች በኋላ ዘመድ ስትጠራ ነው የኖረችው።»